ዝቋላን ከበረንዳ፣ ቢሾፍቱን ከአጥር በላይ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ስገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ውሃ አለ?» እያለ ነበር። እኔ የምመልሰው ስለ ተራራ ነው። «ውሃው እንኳ በፈረቃ ነው፤ ግን ዝቋላ ይታያል» ስላቸው ይስቃሉ። ቀልዴን አልነበረም። አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። የልብስ ገመድ ከተዘረጋባት ጠባብ በረንዳዬ በስተምሥራቅ የረር፣ በስተደቡብ ደግሞ ዝቋላ ቁጭ ብሎ ይታያል። ለዚህ እይታ አከራዬ የጨመረብኝ ብር የለም፤ ሳያውቀው የቀረ ይመስለኛል።

የረር ጫፉ የተሰባበረ፣ ትከሻው የተንጋደደ፣ 3,100 ሜትር የሚደርስ ተራራ ነው። ዝቋላ ቁመቱ 2,989 ሜትር ነው፤ ከየረር ያንሳል፤ ነገር ግን ሜዳ ላይ ብቻውን ስለቆመ የሚበልጥ ይመስላል። ቅርጹን ለማያውቀው ስነግር አናቱን ቆርጠው የወሰዱት የጤፍ ክምር ነው እላለሁ። ክረምት ገብቶ ደመናው ዝቅ ሲል ሁለቱም ይጠፋሉ። መስከረም ሲጠባ ታጥበውና ጠርተው ይወጣሉ፤ እጅ ቢዘረጉ የሚነኩ ይመስላሉ። ከታኅሣሥ በኋላ ደግሞ የእርሻው አቧራና የፋብሪካው ጭስ ተደባልቆ ያደበዝዛቸዋል። እኔ የዓመቱን ወቅት የማውቀው ከካላንደሩ ይልቅ በእነሱ ነው።

አንድ እንከን ብቻ አለ። ከመንገዱ ማዶ ያለ ጅምር ፎቅ ጣሪያ ላይ አንድ ጥቁር ሮቶ ተቀምጧል። ከእኔ በረንዳ ሲታይ ሮቶው የዝቋላን የግራ ትከሻ ልክክ አድርጎ ይሸፍነዋል። ስድስት ዓመት ስለኖርኩ ሮቶውም የተራራው አካል ሆኖብኝ ነበር።

እናቴ ባለፈው መስከረም ማለቂያ ላይ ከሐይቅ መጣች። ሐይቅ ስል ከተማዋን ማለቴ ነው፤ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን፣ ስሟን ከውሃዋ የወሰደችውን። እናቴ ተወልዳ ያደገችውም፣ ድራ የኳለችውም እዚያው ነው። ስለ ሐይቅ የሚያስረዳት ሰው አትፈልግም። በመጣች በማግስቱ ጠዋት ቡና ቀድቼላት በረንዳ ላይ ወጣን።

«ያ ማነው?» አለችኝ በአገጯ እየጠቆመች።

«ዝቋላ ነው።»

«የአቦ?»

«የአቦ።»

ስኒዋን መሬት አስቀምጣ ብድግ አለች። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ደቡብ ሦስቴ እጅ ነሣች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ስድስት ዓመት ሙሉ አቦን ደጅህ አስቀምጠህ አንድ ቀን እንኳ አትነግረኝም?» ብላ ተቆጣች። ቁጣው ሲበርድላት ዓይኗን ጨፈን አድርጋ እንደገና አየች። «ያ ጥቁር ነገርስ?»

«ሮቶ ነው። የውሃ ማጠራቀሚያ።»

«ለምን እዚያ ላይ ሰቀሉት?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ለካ ስለት ነበረባት። ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ኩፍኝ ይዞኝ ሰው ተስፋ የቆረጠ ጊዜ፣ «ልጄን ካተረፍክልኝ ዝቋላ መጥቼ ደጅህን እረግጣለሁ» ብላ ተስላለች። እኔ ተርፌያለሁ። ስለቱ ሠላሳ ዓመት ዐልፎት ሳይገባ ቀርቷል። አሁን ጥቅምት 5 ሊደርስ አንድ ሳምንት እንኳ አልቀረውም፤ ተራራው ደግሞ ፊቷ ቆሟል። የፈለገችው ግልጽ ነበር። እኔም አይሆንም ማለት ነበረብኝ።

ዝቋላ ላይ አንዴ ወጥቻለሁ፤ በጥቅምት 2005 ዓ.ም.፣ ተማሪ ሳለሁ። ከቢሾፍቱ በአይሱዙ ተጭነን፣ አቧራ ስንቅም አምሽተን ወንበር ማርያም ደረስንና ከዚያ በእግር ተያያዝነው። ሌሊት ነው የወጣነው። ከፊታችንም ከኋላችንም የሰው መብራት እንደ ጉንዳን ሰልፍ ተራራውን ዞሮት ነበር። ሽማግሌዎች በመቋሚያ፣ ሴቶች ልጅ አዝለው ይወጣሉ። የሚወጣው ክርስቲያን ብቻ አይደለም፤ ተራራው ላይ ኦሮሞው በራሱ ወግ የሚሳለምበትና ስለቱን የሚያስገባበትም ቦታ አለ። አናቱ ላይ ስንደርስ ሊነጋጋ ሲል ነበር። ያኔ ነው ተራራው አናት እንደሌለው የገባኝ። ወጥተህ ስትጨርስ መሬቱ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ከጥንት የሞተው እሳተ ገሞራ አፉን ከፍቶ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጎድጓዳ ሆኖ፣ በጽድና በአስታ ተከቦ፣ መካከሉ ላይ ውሃ አቁሯል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስለ ኢትዮጵያ ሲጸልዩ ቁልቁል ተተክለው መቶ ዓመት የቆዩበት ባሕር እሱ ነው ይባላል። ሥዕላቸውን የማያውቅ የለም፤ ጠጉር የለበሱት አባት፣ አጠገባቸው 60 አንበሳና 60 ነብር፣ ከዓይናቸው እንባ የምትጠጣው ወፍ። እኔ ያየሁት ግን ጉሬዛ ነው። አንድ ነጭና ጥቁር ጉሬዛ ከከሰለ የጽድ ግንድ ላይ ተቀምጦ ሕዝቡን ያያል። ከዚያ በፊት በመጋቢት 2004 ዓ.ም. ደኑ ላይ እሳት ተነሥቶ፣ ከቢሾፍቱም ከአዲስ አበባም ብዙ ወጣት ሊያጠፋ ወጥቶ ነበር። እኛ ስንደርስ ግንዱ ገና ጥቁር ነበር፤ ከሥሩ ግን ሣር በቅሏል።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት፤ ደስ ብሏት ሰማች። ቀጥዬ ሌላውንም ነገርኳት። በየካቲት 2016 ዓ.ም. አራት የገዳሙ አባቶች መገደላቸውን፣ መንገዱ ከዚያ ወዲህ በስማ በለው የሚኬድ እንጂ እናትን ይዞ ደፍሮ የሚወጣበት አለመሆኑን። ዝም አለች። «እነሱስ እዚያው አይደሉም እንዴ ያሉት?» አለች በመጨረሻ። የቀሩትን መነኮሳት ማለቷ ነው።

ስለዚህ ሌላ ነገር አቀረብኩ። «ዝቋላው ቢቀር ቢሾፍቱ ልውሰድሽ። ብዙ ሐይቅ አለ።» እናቴ የሐይቅ ሰው ናት፤ በሐይቅ ትደለላለች ብዬ ነው። ስንቅ ተሸክሞ ወደ ገበያ እንደ መሄድ መሆኑ አልታየኝም።

ቅዳሜ ጥቅምት 1 ቀን በጠዋት ወጣን። የአዳማው የፍጥነት መንገድ አፉ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ባለ ስድስት መስመሩ። ግን እሱ ላይ ሰው አይታይም፤ አጥር፣ አስፋልትና የክፍያ ጣቢያ ብቻ ነው። እናቴ ደግሞ ሰው ካላየች የሄደች አይመስላትም። በድሮው መንገድ በሚኒባስ ሄድን። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ደብረ ዘይት፣ ደብረ ዘይት!» እያለ ይጮኻል። ከተማዋ በንጉሡ ጊዜ ደብረ ዘይት ተብላ የቆየች ሲሆን፣ አሁን መዝገብ ላይ ያለው የቀድሞ ስሟ ቢሾፍቱ ነው፤ ውሃ የሞላባት ምድር ማለት ነው ይላሉ ኦሮምኛ የሚያውቁ። ረዳቶቹ ግን ለዓመታት ያጮኹትን ስም አፋቸው ላይ ያገኙታል። እኔም ሁለቱንም ነው የምለው፤ ለእናቴ ደብረ ዘይት፣ ለፎርም ቢሾፍቱ።

ገላን በፋብሪካ ዐለቀ። ዱከም ላይ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሥጋ ቤቶቹ ሙሉ ሽንጥ ሰቅለው ነበር፤ እናቴ ጽጌን ስለምትጾም ፊቷን ወደ ሌላው መስኮት አዞረች። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ከባድ መኪና መንገዱን ሞልቶታል። በመካከሉ ያለው ሜዳ ግን ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሮ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። ከወዲያ ማዶ፣ አቡሴራ ላይ፣ በዓመት 100 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደ አየር ማረፊያ እንደሚሠራ ከኋላችን የተቀመጡ ሰዎች ያወሩ ነበር፤ ወሬያቸው ሁሉ ስለ ካሳና ስለ መሬት ዋጋ ነው።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐይቆቹን ካልፈለጓቸው አይታዩም፤ ይህ ነው የከተማዋ ነገር። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ሄደህ ሐይቁ ራሱ ይቀበልሃል። ቢሾፍቱ ግን ዋናው መንገድ ላይ ባንኩ፣ ባጃጁ፣ የጫማ ሱቁ ነው፤ ከሱቁ ጀርባ መሬቱ በድንገት ያልቃል፤ ከታች፣ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ፣ ውሃ አለ። ባለሙያዎቹ እንደሚሉት ከመሬት ሆድ የሚወጣው ቅልጥ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውሃ ሲገናኝ ውሃው በአንድ አፍታ እንፋሎት ይሆንና መሬቱን ከነድንጋዩ ያፈነዳዋል። የሚቀረው ክብ ጉድጓድ በኋላ በውሃ ይሞላል። ለእናቴ ያስረዳኋት ግን በሌላ መንገድ ነው።

«የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ቢልስ?»

«ይፈነጥቃላ። ያቃጥልሃል።»

«እሱ ነው ሐይቁን የሠራው።»

ጥቂት አሰበችና፣ «ምን ዓይነት ድስት ቢሆን ነው» አለች።

መጀመሪያ የሄድነው ባቦጋያ ነው፤ እዚያ ነው ስህተቴ። ዳርቻው ከጫፍ ጫፍ በግንብና በሽቦ ታጥሯል ማለት ይቻላል፤ ሎጅ፣ ከሱ ቀጥሎ ሎጅ፣ ከሱ ቀጥሎ የሀብታም ቪላ። መካከል ላይ አንዳንድ ጠባብ መንገድ ወደ ውሃው የሚወርድ ይመስልና መጨረሻው ብረት በር ይሆናል። አንዱ በር ላይ ቆምን። ስሙን አልጠራም፤ ጎረቤቶቹም እንደሱው ናቸውና እሱን ለብቻው መውቀስ ግፍ ይሆናል።

ጥበቃው «ለአዳር ነው ለቀን?» አለን።

«ሐይቁን ለማየት ነው።»

«ለማየትም መግቢያ አለው፤ በሰው።»

እናቴ «ምን አለው?» አለችኝ።

«ክፈሉ ነው የሚለው።»

«የዓሣውን?»

«የማየቱን።»

ጥበቃውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ልጅ ነው፣ የደንብ ልብሱ ሰፍቶታል። «ልጄ፣ ዓይኔ ሞራ አለው። እኔ የማየው ጥቂት ነው። ቅናሽ የለውም?»

ልጁ ሳቀ፤ እውነቱን ነው የሳቀው። ግን ትኬቱን በሙሉ ዋጋው ቆረጠልን።

ውስጡ አያምርም አልልም። ቡገንቪሊያው፣ የተከረከመው ሣር፣ የድንጋይ ደረጃው። ችግሩ ውሃው ዳር ያለው ስፍራ በሙሉ ለአንድ ሰርግ ተይዞ ነበር። ሙሽሮቹ ገና አልመጡም፤ የመጣው ድንኳኑና የአበባ ቅስቱ ነው፤ አንድ ፎቶ አንሺ ድሮን እያበረረ ይሞክራል። አስተናጋጇ በትሕትና ወደ ኋላ መራችንና ከማድ ቤቱ አጠገብ፣ አጥር ሆኖ ከተተከለው ቁጥቋጦ ጀርባ አስቀመጠችን። ከዚያ ቦታ ባቦጋያ ሁለት ጣት ያህል ይታያል፤ በድንኳኑ ምሰሶና በቁጥቋጦው መካከል፣ አረንጓዴ ያለበት ሰማያዊ። ጥልቀቱ 65 ሜትር ገደማ ነው ለሚባል ሐይቅ ሁለት ጣት። በዚያ ላይ የከፈልነው ገንዘብ በምግብ የሚታሰብ ነው ተባልን፤ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ የሚታዘዘው ደግሞ ዓሣ ነው፤ እናቴ ጽጌ ላይ ናት። ሽሮ አዘዝን። ሽሮው ከነቫቱና ከነሰርቪሱ ሲመጣ ሂሳቡን ከእናቴ ደበቅኩት።

አልተናደደችም። ይህ ነው ያስገረመኝ፤ እኔ ውስጤ ሲቃጠል እሷ እንጀራዋን እያጠቀሰች ወደዚያች ሁለት ጣት ውሃ ታያለች።

«ለምዶብኛል» አለች። «ሐይቅ እስጢፋኖስን አርባ ዓመት ከውጭ አይደል የተሳለምኩት።»

ደሴትነቱ ቀርቶ ዛሬ በየብስ የሚገባበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ትልቅ ትምህርት ቤት ያደረጉት፣ ሴት የማይገባበት ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ ይዞኝ ሲገባ እናቴ በር ላይ ትቀር ነበር። ስንወጣ ዛፉን፣ ወፉን፣ የመነኮሳቱን እህል ሳይቀር ትጠይቀኛለች፤ እኔ ረስቼዋለሁ፣ ወይ ዋሽቼ እነግራታለሁ። ይህ ትዝ ብሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«ብቻ» አለች እጇን እየታጠበች፣ «እዚያስ ሴት ሆኜ ነው። እዚህ ምን ሆኜ ነው?»

ስንወጣ በር ላይ የቆመው ባለ ባጃጅ ነገራችንን ከጥበቃው ጋር ሲያወራ ሰምቷል መሰለኝ፣ «ማዘር፣ በነፃ የሚታይ ቦታ አለ። ልውሰድሽ?» አላት። ዋጋውን ከእኔ ጋር ተነጋገረ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ከእሷ ጋር ነበር።

በሆራ በኩል ወሰደን። ሆራ በኦሮምኛ ከብት የሚጠጣው ጨው ያለበት ውሃ ነው፤ ባለ ባጃጁ ነው የነገራት። ኢሬቻ ከተከበረ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር። ሆራ አርሰዲ ዳር ያለው ሣር በእግር ብዛት ተረጋግጦ ምንጣፍ ሆኗል፤ የደረቀ ቄጤማና የጠወለገ አደይ አበባ ውሃው ጠርዝ ላይ ተሰብስቦ ማዕበሉ ያወዛውዘዋል። ትልቁ ዛፍ ግንዱ ላይ ቅቤ የተቀባበት ቦታ ያብረቀርቅ ነበር፤ ዝንብ ሰፍሮበታል። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ሕዝቡ እርጥብ ሣር ይዞ ወርዶ ውሃው ውስጥ እየነከረ ክረምቱን ላሳለፈው ዋቃ ምስጋና እንደሚያቀርብ ልጁ ነገራት። «ክረምት ካለፈማ ማመስገን ነው» አለች እናቴ፤ ለእሷ ይህ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። ከዚያ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ በእጁ እያሳየ፣ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በበዓሉ ላይ ሰው ያለቀበትን ቀን ነገራት። የእሱም ታላቅ ወንድም ከዚያ ሕዝብ መካከል ነበረ፤ ተርፎ ወጥቷል። እናቴ አማተበች። ሦስታችንም ጥቂት ቆምን። ባጃጁን ሲያስነሣ የሬዲዮውን ድምፅ ዘጋው።

ጨለለቃን ከሩቁ ነው ያየነው። ጥልቀት የሌለው፣ በክረምት የሚሰፋ፣ በበጋ የሚሸሽ ነው፤ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ወፎች የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው በጋውን የሚያሳልፉበት። ዳሩን እርሻ በልቶታል። አረንጓዴ ሐይቅም አልሄድንም፤ ራቅ ይላል። እሱን ግን ሄዳችሁ እዩት፤ አረንጓዴነቱ የሰማይ ነጸብራቅ አይደለም፣ ውሃው ውስጥ ተጨናንቆ የሚበቅለው ስፒሩሊና የሚባለው ደቂቅ ነው። ከተማ ውስጥ በብልቃጥ ገብቶ ለጤና ተብሎ የሚሸጠው እሱው ነው።

ነፃ የተባለው ቦታ የቢሾፍቱ ሐይቅ አፋፍ ነበር። ከአንድ ጋራዥ ጀርባ፣ ጎማ ከተደረደረበት ጓሮ አልፈን፣ ሁለት ግራር መካከል። አንዲት ሴት ሸራ ወጥራ ቡና ታፈላለች፤ ሦስት በርጩማ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ከበርጩማው አንድ እርምጃ ካለፍክ መሬት የለም። ገደሉ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ቁልቋልና ቁጥቋጦ ተንጠላጥሎበታል፤ ከታች፣ በጣም ከታች፣ ውሃው ክብ ሆኖ ተቀምጧል። ጥልቀቱ 87 ሜትር ገደማ ነው፤ ከሐይቆቹ ሁሉ ጥልቁ። ደመና ሲያልፍ ጥላው ውሃው ላይ ከአንዱ ገደል ተነሥቶ እስከ ሌላው ሲሄድ ይታያል፤ እናቴ አንዱን ደመና ከመነሻው እስከ መድረሻው በዓይኗ ሸኘችው። ቡናዋ ቀዘቀዘ። እናቴ ቡና ስታቀዘቅዝ አይቼ አላውቅም።

«ወንዝ የት አለ የሚገባበት?» አለች።

«የለውም።»

«የሚወጣበትስ?»

«የለውም። ዝናብ ይገባል፣ ከመሬት ሥር ይመጣል፤ ፀሐይ ይወስደዋል።»

ቡና አፍዪዋ ሴት ጣልቃ ገባች። «በብርድ ጊዜ ይገለበጣል» አለች። «ሐይቁ። ከኅዳር በኋላ። አንዳንድ ዓመት ጠዋት ስንነሣ ይሸታል፤ ዓሣው ነጭ ሆዱን ሰቅሎ ዳር ላይ ተኝቶ እናገኘዋለን።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ የተማረ ልጇ ያስረዳት ዘንድ። የማውቀውን ነገርኳት። ሌሊቱ ሲበርድ የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ይከብድና ይሰምጣል፤ ለወራት አየር ሳያገኝ ከታች ተኝቶ የነበረው ይነሣል፤ ያን ጊዜ ዓሣው የሚተነፍሰው ያጣል። የእነዚህ የቢሾፍቱ ሐይቆች የታወቀ ጠባይ ነው። ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች፤ «እሱን ነው ያልኩት» የምትል ትመስል ነበር። ደግሞም ብላለች።

አንድ ሰባት ዓመት የሚሆነው የጋራዡ ልጅ መጥቶ ድንጋይ ወደ ገደሉ ለቀቀ። ሁላችንም ጆሯችንን ሰጠን። ድንጋዩ ተንከባለለ፣ ቁጥቋጦ መታ፣ ጠፋ። ውሃ የመታበት ድምፅ አልተሰማም። ልጁ ቅር አላለውም፤ ሌላ ፈለገ። እናቴ ከእግሯ ሥር አንድ አነሣችና አቀበለችው።

ወደ ማታ፣ ለሦስት ሲኒ ቡናና ለአንድ ሰሃን ቆሎ የከፈልኩት ገንዘብ ከሎጁ የመኪና ማቆሚያ እንኳ አይበልጥም። ባለ ባጃጁ መናኸሪያ ሲያደርሰን እናቴ ጉንጩን ሳመችው። «ለሰርግህ ጥራኝ» አለችው። «ግን ሐይቅ ዳር አታድርገው።»

ረቡዕ ጥቅምት 5 ገና ሳይነጋ በረንዳው ሲንኳኳ ነቃሁ። ነጭ ለብሳ ቆማለች። ማታ ዝናብ ጥሎ አየሩን አጥቦት ነበር፤ ዝቋላ እንዲያ ቀርቦ በስድስት ዓመቴ አላየሁትም። ከበስተጎኑ ያለው ሸንተረር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ያኔ እኔ የወጣሁባትን ሌሊት አሰብኩ። ዛሬም የሚወጡ አሉ፤ እሷ ያለችው እውነት ነው፣ እነሱስ እዚያው አይደሉም?

ጸሎቷን ስትጨርስ ሳትዞር፣ «ቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል ነው ያለው?» አለችኝ።

«ከላይ ነው፣ ከሐይቁ አጠገብ። ከዚህ አይታይም።»

«እሱን አውቃለሁ። ብቻ በየት በኩል ነው? በቀኝ ነው በግራ?»

እንቅልፍ አልለቀቀኝም ነበር፤ ሳላስብ «በግራ መሰለኝ» አልኳት።

ወደ ግራ አየች። ሮቶው ጥቁር ሆኖ ቆሟል።

ምንም አላለችም። ጫማዋን አደረገች፣ መቋሚያዋን አነሣች፣ በሩን ከፍታ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ የመቋሚያው ድምፅ ይሰማኛል፤ አራት ፎቅ። ከበረንዳው ወደ ታች ሳይ መንገዱን ግራና ቀኝ አይታ ተሻገረች፤ ከመሬት ጠጠር አንሥታ የጅምሩን ፎቅ የቆርቆሮ በር አንኳኳች። ቆየት ብሎ ብርድ ልብስ የተከናነበ ዘበኛ ከፈተ። የሚነጋገሩት አይሰማኝም። እናቴ በአገጯ ወደ ጣሪያው ጠቆመች፤ ከዚያ በመቋሚያዋ ከሕንፃው ወዲያ፣ ወደ ደቡብ። ዘበኛው አንገቱን ቀና አድርጎ ሮቶውን አየ። ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ፣ ጥቂት ጎንበስ ቀና እያለ፣ ተራራውን ፈልጎ አየ። ከዚያ ተመልሶ በሩን ሰፋ አድርጎ ከፈተላት።